መብረቅ፣ ጀልባና ፊርማ

በዚህች መጽሔት ላይ ብዙውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ሚዲያ ነፃነት፣ ስለ ቋንቋ አጠቃቀም ወይም ስለ ካፌው ሻይ መወደድ ነው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት ጀልባ ነው። «ጀልባና ጋዜጠኝነት ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ፣ መገናኘታቸው አይቀርም።

ሐሳቤን ከወዲሁ ላስቀምጥ። መብረቅ ለመታው ንብረት «ሙሉና የመጨረሻ» የሚል የካሳ ሰነድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማስፈረም ትክክል አይደለም ባይ ነኝ። ሰነዱን የሚያቀርበውም ሳያነብ የሚፈርመውም አጥፍተዋል። ይህን የምለው መጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም፤ ባለፈው ክረምት በቤታችን ደርሶ ስላየሁት ነው።

አጎቴ እዚሁ ባሕር ዳር ጣና ላይ ጀልባ አለው። አሥራ ስድስት ሰው የምትጭን፣ ከፋይበር ግላስ የተሠራች፣ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ያማሃ ሞተር የምትነዳት ጀልባ ናት። ድሮ ቱሪስት ወደ ገዳማቱ ታመላልስ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ግን ከውጭ የሚመጣው እንግዳ ስለቀነሰ የምትሠራው ለሰርገኛ፣ ለንግሥ በዓል ምእመናንና እንደኛ ላሉ ተማሪዎች ነው። በዚህች ጀልባ የአጎቴ ቤትና የሁለቱ ረዳቶቹ ቤት ይተዳደራል፤ እውነቱን ለመናገር የእኔም የኪስ ገንዘብ ከእሷ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ጀልባዋ ወደቡ ላይ ታስራ ሳለች መብረቅ መታት። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልነበረባትም። ማቆሚያው አጠገብ የነበረው የወደቡ ጥበቃ ብልጭታውንና ድምፁን አንድ ላይ አየሁም ሰማሁም ይላል። እሁድ ጠዋት ሄደን ስናይ የባንዲራው ቋሚ ብረት ጫፉ ቀልጧል፣ እላዩ ላይ ያለው መብራት ደቅቋል፣ የጥላው ሸራ ተቃጥሎ ተበስቷል፣ ባትሪው አብጧል። አጎቴ ሞተሩን በገመድ ሳብ አደረገው፤ ተነሣ። «በቃ፣ ተርፋለች!» ብሎ አማተበ። እኔም አማተብኩ።

ጀልባዋ የመድን ዋስትና አላት። ፖሊሲው ከሚሸፍናቸው አደጋዎች መካከል እሳት፣ መብረቅ፣ ግጭትና መስጠም ተዘርዝረዋል። ይህን ያወቅነው እኔ ከመዝገበ ቃላት ጋር ቁጭ ብዬ ካነበብኩት በኋላ ነው፤ ፖሊሲው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእንግሊዝኛ ነው። አጎቴ ስድስት ዓመት ሙሉ አረቦን የከፈለበትን ወረቀት አንድም ቀን አንብቦት አያውቅም። ማንበብ ስለማይችል አይደለም፤ ዳዊት ደጋሚ ሰው ነው። ያው ቋንቋው የእሱ አይደለም።

ሰኞ ለመድን ድርጅቱ አመለከትን። «አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽም እንዴ? ደብዳቤውን ጻፊው» ተባልኩ። አሁን የማፍርበትን ነገር ልንገራችሁ። ደብዳቤዬ የሚጀምረው «በዚያች ጨለማ በዋጣት ምሽት የሰማይ ቁጣ በአንዲት ምስኪን ጀልባ ላይ ወረደ» ብሎ ነበር። የፊቸር አጻጻፍ ኮርስ የወሰድነው በዚያው ሴሚስተር ስለነበር በጣም ረክቼበት ነበር። ችግሩ መብረቁ የወደቀው ከቀኑ አሥር ሰዓት መሆኑ ነው። የምን ጨለማ፣ የምን ምሽት! ደግሞስ እኔ መቼ አየሁና? ያየው ጥበቃው ነው፣ እኔ የዚያን ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ነበርኩ።

የጉዳት ገማቹ ረቡዕ መጣ። ሁላችንም «ኢንጂነር» የምንለው ትሑት ሰው ነው፤ ክፋት አላየሁበትም። ማቆሚያው ላይ ቆሞ ፎቶ አነሣ፣ ቋሚውን፣ መብራቱን፣ ሸራውንና ባትሪውን መዘገበ፣ ሞተሩ ሲነሣ አየና «ጥሩ ነው» ብሎ ሄደ። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅበት ነው። በሳምንቱ ተደወለ፤ ከአጎቴ ድርሻ ተቀናሽ ሆኖ 41 ሺህ ብር እንደሚከፈልና ሰነዱ ላይ «ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ ተቀብያለሁ፣ ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» ብሎ እንዲፈርም ተነገረው። አጎቴ ደስ አለው። ሐምሌ 4 ቀን ሄዶ ሊፈርም ቀጠሮ ያዘ።

እስቲ እዚህ ላይ ታሪኩን ላቁመውና መብረቅ ጀልባን ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ፤ የነገሩ ቁልፍ እሱ ነውና።

አንድ መብረቅ በአማካይ 30 ሺህ አምፔር ያህል ኤሌክትሪክ ይዞ ይወርዳል፤ የሚያልፍበት አየር ሙቀትም ወደ 30 ሺህ ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከሰከንድ በጣም ባነሰ ጊዜ ነው። ስለ ጀልባና መብረቅ የተጻፈው አብዛኛው ነገር በሸራ ስለሚሄዱ የባሕር ጀልባዎች ነው፤ ረጅም የአሉሚኒየም ምሰሶ ስላላቸው በክፍት ውኃ ላይ ከሁሉ ከፍ ብለው የሚታዩት እነሱ ናቸው። ጠንቃቃ ባለቤቶች ከምሰሶው ሥር ወፍራም የመዳብ ሽቦ አውርደው ከጀልባዋ ሆድ በታች ውኃ ውስጥ ካለ ብረት ጋር ያገናኙታል፤ መብረቁ በተሠራለት መንገድ እንዲወርድ። መንገድ ካልተሠራለት ራሱ ይሠራል። ከብረት ወደ ብረት ይዘላል፣ በሽቦው ይገባል፣ መጨረሻ ላይ የጀልባዋን ሆድ በስቶ ወደ ውኃው ይወጣል። በፋይበር ግላሱ ውስጥ ያለች ጥቂት እርጥበት በቅጽበት እንፋሎት ሆና ትፈነዳለች። እንዲያውም እንደ ጣና ባለ ጨው አልባ ውኃ ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ጨው የሌለው ውኃ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለማያስተላልፍ መብረቁ በአንድ ቦታ ተጠቃሎ አይወርድም፣ ወደ ጎን እየዘለለ በብዙ ቦታ ይወጣል።

ታዲያ ጉዳቱ ከላይ ብቻ አይደለም። ከውኃው ወለል በታች እንደ መርፌ ቀዳዳ ያሉ ብስቶች ይኖራሉ። የሽቦዎቹ ልባስ ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ደግሞ በዕለቱ ሠርቶ ከሳምንታት በኋላ ድንገት ጸጥ ሊል ይችላል። የገማች ሥራን የሚያውቁ ሰዎች ጀልባዋ ከውኃ ሳትወጣና ሆዷ ሳይታይ የመብረቅ ግምት አላለቀም የሚሉት ለዚህ ነው።

ወደ አጎቴ ልመለስ። ከመብረቁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጀልባዋ ውስጥ ውኃ እናገኛለን። «ዝናቡ ነው» አለ አጎቴ። ሰኔና ሐምሌ ነው፣ ማን ይጠራጠራል? እኔ ግን ያነበብኩት ከነከነኝና አንድ ማታ ሙሉ ጀልባዋን ጥግ እስከ ጥግ በላስቲክ ሸፍነን አደርን። ጠዋት ላስቲኩ ላይ ዝናብ ተጠራቅሟል፤ ከሥር ስናይ ደግሞ ውኃው እንደተለመደው አለ። አጎቴ ዝም ብሎ ውኃውን አየው። ሐምሌ 3 ቀን ደግሞ፣ ማለትም በተመታች በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ሰው ጭኖ ሲመለስ ሞተሩ መንገድ ላይ ቆመ። በሌላ ጀልባ ተጎትተው ገቡ። መካኒኩ ሲከፍተው እሳት የሚሰጠው ሲዲአይ የሚባለው ሳጥንና ባትሪውን የሚሞላው ሬክቲፋየር ተቃጥለዋል። ፊርማው የነበረው በማግስቱ ነው። አንድ ቀን! አንድ ቀን ቢቀድም ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሌላ ስሜት ነበር።

ጀልባዋን የወደቡ ልጆች በገመድ ጎትተው አወጧት። ገልብጠን ሆዷን ስናጥብ ከቋሚው ትይዩ ባለው ጎን፣ ከውኃው ወለል በታች ዘጠኝ ቀዳዳ ቆጠርኩ። ዙሪያቸው ጠቁሯል። እንዳንዱ ከስፌት መርፌ አይሰፋም።

አሁን ሁለተኛውን ደብዳቤ መጻፍ ነበረብኝ። በመካከሉ የድርጅቱ ጥያቄ መጣ፤ «ደብዳቤያችሁ ምሽት ይላል፣ የጥበቃው ቃል ከቀኑ 10 ሰዓት ይላል፣ የትኛው ነው?» የኔ ጨለማና የኔ የሰማይ ቁጣ! ይቺን ለማስተካከል ብቻ አንድ ሳምንት ሄደ። የሞተሩን ጉዳይ በተመለከተም «ብልሽቱ በአገልግሎት ብዛት የመጣ ነው» አሉ። ይህ ፖሊሲው የማይሸፍነው ነገር ነው።

በዚህ ጊዜ ነው አንድ የምወዳቸው መምህር ዜና አጻጻፍ ሲያስተምሩ «ያየኸውን፣ የሰማኸውንና የገመትከውን ለይ» ያሉት ትዝ ያለኝ። ደብዳቤውን እንዲያ ጻፍኩት። ጥበቃው ያየው ይህ ነው፣ ሰዓቱ ይህ ነው። እኛ እሁድ ጠዋት ያየነው ይህ ነው። ላስቲክ የሸፈንነው በዚህ ቀን ነው፣ የተገኘው ውኃ ሦስት ጀሪካን ነው። ሞተሩ የቆመው በዚህ ቀን ነው፣ መካኒኩ ያገኘው ይህ ነው፣ የተቃጠሉት ዕቃዎች አልተጣሉም፣ በካርቶን ተቀምጠዋል፣ መጥታችሁ እዩ። አንድም «ምስኪን» የሚል ቃል የለበትም። ሁለት ገጽ አልሞላም።

ከዚህ በፊት በእንግሊዝ አገር አንድ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በትልቁ ሠርቶታል። ዊልያም ስኖው ሃሪስ የሚባል የፕሊመዝ ከተማ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1820ዎቹ ጀምሮ የባሕር ኃይሉ መርከቦች ከምሰሷቸው እስከ ሆዳቸው የሚወርድ ቋሚ የመዳብ መስመር እንዲገጠምላቸው ይጎተጉት ነበር። ዳርዊን የሄደባት ቢግል እ.ኤ.አ. በ1831 ስትነሣ ይኸው ተገጥሞላት ነበር። ሹማምንቱ ግን ለብዙ ዓመት አልተዋጠላቸውም። ሃሪስ የመርከቦችን የጉዞ መዝገብ እያገላበጠ መብረቅ የመታቸውን አንድ በአንድ፣ ከነጉዳታቸው መዘገበ። በ1840ዎቹ ዘዴው ተቀባይነት አገኘ። መዝገቡ ባይኖር ኖሮ የሱ ቃል ከነሱ ቃል ጋር ሲጣላ ይኖር ነበር ብዬ አስባለሁ።

የኛ ማስረጃ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ከመብረቁ በፊት ዕቃው ይሠራ እንደነበር የሚያሳይ ነገር። እዚህ ላይ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ገባችሁበት። ታስታውሱ እንደሆነ በዚያው ሰኔ መጀመሪያ ደብረ ማርያም የሄድነው በአጎቴ ጀልባ ነው። ከመካከላችን አንዷ ሲመለሱ ያነሣችው ቪዲዮ ስልኳ ላይ ነበር። የባንዲራው መብራት በርቷል፣ የባትሪው መሙያ ጠቋሚ መብራት በርቷል፣ ሞተሩ በደንብ ይሰማል፣ ቀኑም ስልኩ ላይ አለ። «አገኘነው!» ብዬ ጮህኩ።

አጎቴ ግን ቪዲዮውን አይቶ ፊቱ ጠቆረ። ምክንያቱን ልናገር። ውስጥ የሚገባውን ውኃ የሚያወጣው ፓምፕ ከሚያዝያ ጀምሮ ተበላሽቷል። አጎቴ ግን «መብረቅ ያቃጠለው» በሚለው ዝርዝር ውስጥ አስገብቶት ነበር። ቪዲዮው መጨረሻ ላይ ረዳቱ በተቆረጠ ጀሪካን ውኃ ሲቀዳ ይታያል።

«ይቺን መጨረሻዋን ቆርጠሽ ላኪያት» አለኝ።

«ጋሼ፣ አልቆርጥም።»

«አንቺ ልጅ፣ እነሱ ሞተሬን ሲክዱኝ ኃጢአት አልሆነም፣ የኔ አንዲት ፓምፕ ነው ኃጢአት የሚሆነው?»

መልስ አልነበረኝም። እውነትም አለው፤ በሃያ ደቂቃ እይታ የሞተሩን ጉዳት የካዱት እነሱ ናቸው። ቢሆንም ፖሊሲውን አንብቤዋለሁ፤ በሐሰት የቀረበ ጥያቄ ከተገኘ መላው ካሳ ይቀራል ይላል። ይህን ነገርኩት። ዋናው ምክንያቴ ግን ይህ አልነበረም። ዘጠኙን ቀዳዳ የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ በአንዱ ከዋሸሁ ሌላውንም ማን ያምነኛል? ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ቀን «ፓምፑን ሰርዢው» ብሎ ዝርዝሩን ወረወረልኝ። ቪዲዮው ሳይቆረጥ ሄደ።

ኢንጂነሩ ለሁለተኛ ጊዜ መጣ። በዚህ ጊዜ ተንበርክኮ የጀልባዋን ሆድ በእጁ ዳሰሰ። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አየ፣ ጀሪካኑንም አየ፣ ዝርዝሩን ገልብጦ ፓምፕ ፈለገ፣ አጣ። ምንም አላለም፤ ግን ከዚያ በኋላ አነጋገሩ ተለወጠ። እኔም ድፍረት አገኘሁና «ለምንድን ነው እንዲህ በችኮላ የመጨረሻ ፊርማ የምትጠይቁት?» አልኩት። የመለሰልኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስቀምጠው፤ «እህቴ፣ በሩን ክፍት ብንተወው በዓመቱ የሚሰበረው ሁሉ መብረቅ ይሆናል።»

እውነቱን ነው። የአጎቴ ፓምፕ ራሷ ምስክር ናት! የመድን ገንዘብ የሚመጣው ከሁላችንም አረቦን ነው፤ ያልተጎዳን ዕቃ የሚያስከፍል ሰው የሚሰርቀው ድርጅቱን ብቻ ሳይሆን አብሮት አረቦን የሚከፍለውን ባለጀልባም ነው። ድርጅቱ ፋይል መዝጋት መፈለጉ አይፈረድበትም።

ግን እኮ በሩን ወለል አድርጎ በመክፈትና ከርችሞ በመዝጋት መካከል መንገድ አለ። የሚታየው ጉዳት ይከፈል፤ ባለንብረቱም ሲፈርም «በኋላ የሚገኝ ስውር ጉዳት ካለ የመጠየቅ መብቴ እንደተጠበቀ ሆኖ» ብሎ ይፈርም። ጊዜው ገደብ ይኑረው፤ ስልሳ ቀን ይሁን፣ ዘጠና ቀን ይሁን፣ ባለሙያዎች ይወስኑት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጀልባዋ በገማቹ ፊት አንድ ጊዜ ከውኃ ትውጣ፣ ሽቦዋም በመካኒክ ይታይ። አጎቴን ጀልባዋን ማስጎተት ያስወጣው የሁለት ቀን ገቢውን ነው፤ ይህን ድርጅቱ የግምት ወጪ አድርጎ ቢሸፍን ከሁለት ወር ጭቅጭቅ ይረክሳል። ባለንብረቱም በበኩሉ የተቃጠለ ዕቃ አይጣል፣ ሳይነገር አያስጠግን፣ ጉዳቱ እንዳይብስ ግን የሚችለውን ያድርግ። እኛ ውኃውን በየጠዋቱ ባናወጣ ኖሮ ጀልባዋ ትሰጥም ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ «ለምን አልተጠነቀቃችሁም?» መባላችን አይቀርም።

ሌላው የቋንቋው ጉዳይ ነው። የንግድ ሕጋችን የኢንሹራንስ ክፍል ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ ተጽፎ አለ፤ አዲሱ የ2013 የንግድ ሕግ ሲወጣም ያ ክፍል በሥራ ላይ ቆይቷል። ሕጉ በአማርኛ መነገር ከቻለ ፖሊሲው የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። «ቃላት የሉም» የሚሉኝ አሉ። አረቦን፣ ካሳ፣ ገማች፣ ዋስትና እያልን በምን ቋንቋ ነው ስናወራ የከረምነው? የደንበኛው ቋንቋ ሌላ ከሆነም በዚያው ይጻፍለት።

በመጨረሻ ምን ተከፈለ? ቋሚው፣ መብራቱ፣ ሸራውና ባትሪው ተከፍሏል። የሆዷ ጥገና ተከፍሏል። ሲዲአዩና ሬክቲፋየሩ በእርጅና ሒሳብ ሲሶው ተቀንሶ ተከፍሏል፤ ሞተሩ የስድስት ዓመት ስለሆነ አልተከራከርንም። ጀልባዋ የቆመችበት ሃያ ሦስት ቀን ገቢ ግን አልተከፈለም። ፖሊሲው ገጽ 7 ላይ «አይሸፈንም» ይላል። አለ፣ አንብቤዋለሁ፣ ስለዚህ ተበደልን አልልም። ነገር ግን ለአጎቴ በስድስት ዓመት ውስጥ ማንም አልነገረውም፤ ለሁለቱ ረዳቶቹ የሃያ ሦስት ቀን ደሞዝ ከኪሱ ነው የከፈለው፤ ያውም በብድር።

ጀልባዋ ነሐሴ ላይ ወደ ሥራ ተመለሰች። አጎቴ አሁን ከመሪው ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ያስቀምጣል። የተበላሸ፣ የተጠገነ፣ የተለወጠ ሁሉ ከነቀኑ ይጻፍበታል። የመጀመሪያውን መስመር ራሱ ነው የጻፈው፦ «ነሐሴ 12 ቀን 2017፣ ፓምፕ ተገዛ፣ በራሴ ገንዘብ።»